ሲንኩ ተከፍቶ ለምን ተመልሶ ይዘጋል?

ሲንኩ ውሃ መዋጥ አቅቶታል። የፈላ ውሃ ደፋችሁበት፣ ተከፈተ። በሁለተኛው ሳምንት ያው ነው። እንዲህ እየተመላለሰ የሚዘጋ የማዕድ ቤት ትቦ አብዛኛውን ጊዜ ቅባት ይዞታል። የፈላው ውሃ ደግሞ ቅባቱን አላስወጣውም፤ ወደ ውስጥ ገፋው እንጂ። የፕላስቲክ ትቦም ያለሰልሳል።

ትኩስ ዘይት እንደ ውሃ ይፈሳል። ትንሽ ሄዶ ቀዝቃዛው ትቦ ላይ ሲደርስ ግን ይረጋል። መጀመሪያ ስስ ሽፋን ነው። ከዚያ ፍርፋሪ ይለጠፍበታል፣ መተላለፊያው ይጠባል። የዕቃ ሳሙናም ብዙ አያግዝም። ቅባቱን ከሳህኑ ያስለቅቀዋል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝና ሳሙናው ሲሳሳ ግን መልሶ ይሰበሰባል። ከፍሳሹ ወይም ከኮንክሪት ትቦ ከሚወጣ ካልሲየም ጋር ሲዋሃድ ደግሞ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን፣ ዋይትቻፕል ሰፈር የፍሳሽ መስመር ውስጥ የተገኘው 250 ሜትር የሚረዝም የቅባት ክምር በአካፋና በኃይለኛ የውሃ ግፊት ነው የወጣው።

የዘገየው ሲንኩ ብቻ ነው? ባልዲ ከስር አድርጉና ሲፎኑን፣ ማለትም ከሲንኩ ስር ያለውን ጠማማ ትቦ፣ ፍቱት። ግራጫ፣ የረጋ ቅቤ የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። ሽታው አይጣል ነው። ፍቃችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨምሩት፤ እባካችሁ እዚያው ሲንክ ላይ አታጥቡት። ሲፎኑ ንጹህ ከሆነ ችግሩ ከሱ በኋላ ባለው ትቦ ነው።

ሽንት ቤት ውሃ ሲለቀቅ ሲንኩ የሚያጉረመርም ወይም የሻወሩ መውረጃ ውሃ የሚመልስ ከሆነ ግን ዋናውን መስመር ጠርጥሩ። ሽቦ መስደድ ለጊዜው ያስተነፍሳል። ቅባቱን መሃል ለመሃል ይበሳዋል፤ ግድግዳው ላይ ያለው እንዳለ ይቀራል። በከፍተኛ የውሃ ግፊት የሚያጥብ ባለሙያ ይሻላል። እግረ መንገዱን ተዳፋቱን ይለካላችሁ። ቀጭን ትቦ በ1 ሜትር 2 ሳንቲሜትር ገደማ መውረድ አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ወይም ትቦው መሃሉ ላይ ከሰመጠ ውሃው ይተኛል፣ ቅባቱም አብሮት። ያን ሳያስተካክሉ ማሳጠብ ብር መበተን ነው።

ትቦ ለመክፈት የሚደፋው ኬሚካል፣ ኮስቲክ ሶዳስ? እኔ አልደፍረውም። ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ትቦ ውስጥ ከቅባቱ ጋር ደርቆ ሊቀርም ይችላል። ድስቱን ሳታጥቡ በፊት በወረቀት መጥረግ ይቀላል። የተረፈ ዘይትም ቀዝቅዞ በጠርሙስ ይጣል።

ምግብ ቤት ከሆነ ቅባት ማጥመጃ ሳጥን ያስፈልጋል። ሩቡ በቅባትና በዝቃጭ ሲያዝ ይጸዳ። ከዚያ በላይ ከቆየ ቅባቱ ሳይያዝ ያልፋል።