በክረምት ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን በቤት ውስጥ መንከባከብ

በጎጃም ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ የደጁንና የሜዳውን ቆሻሻ ጠርጎ ወደ ምንጩና ወደ ወንዙ ስለሚያወርድ፣ ተቅማጥ በሕፃናት ላይ ይበረታል። ሕፃኑን የሚያደክመው ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ሥራ የወጣውን መተካት ነው።

ከጤና ኬላ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጡት። ፓኬቱ ከታጣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር ተለክቶ፣ ይበጠበጣል። የወጥ ማንኪያ በሻይ ማንኪያ ፈንታ እንዳይገባ አደራ እላለሁ፤ የበዛ ጨው ለሕፃን አደገኛ ነውና። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ጥቂት በጥቂት ይሰጠዋል፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ።

«ሆዱ ይረፍለት» ብሎ ጡትና ምግብ መከልከል ሕፃኑን ይበልጥ ያደክመዋል። ጡቱ ሳይቋረጥ፣ ምግብ ለጀመረ ልጅ ገንፎም ሆነ ለስላሳ ፍትፍት በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ባለሙያ ያዘዘው ዚንክ የተባለው መድኃኒትም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ መጨረሻው ቀን ይወሰድ።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም በዓይነ ምድሩ ደም ከታየ ግን ሌሊትም ቢሆን፣ መዋጥ ከቻለ በመንገድ ላይ ውሕዱን እያጠጣችሁ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።