በስኪ ላይ ባት ሲያም፦ ከጡንቻው በፊት ቦቱን መመርመር

በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ በዴንቨርና በአውሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በበረዶው ወራት ቅዳሜ ማለዳ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ብሬከንሪጅና በዙሪያው ወዳሉት የስኪ (የበረዶ ላይ መንሸራተቻ) ስፍራዎች መውጣት ከለመድን ሰንብተናል። አብዛኞቻችን ስኪን የጀመርነው ካደግን በኋላ፣ ያውም በኪራይ ቦት፣ ማለትም በጠንካራው የስኪ ጫማ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቁልቁለቶች በኋላ የሚሰማው ስሞታም ስለ ብርዱ ወይም ስለ መውደቁ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ስለ ባት ነው፤ ባቱ ይወጠራል፣ ያቃጥላል፣ አንዳንዴም በድንገት ይሸማቀቃል። ሰውም እግሬ አልጠነከረም ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አስብ ነበር፤ ሕመሙ የመጣው ከእግሬ በጣም ከሚሰፋ የኪራይ ቦትና ቁልቁለቱን ፈርቼ ወደ ኋላ ከማዘንበሌ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ ባትዎን ማሸት ወይም የሕመም ማስታገሻ መዋጥ ከመጀመርዎ በፊት ሕመሙ በትክክል የት እንደሆነና መቼ እንደሚነሳ ያስተውሉ። የቦቱ የላይኛው ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ እንደ ገመድ የሚያስር ሕመም ከሆነና ዘለበቶቹን ሲፈቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅዎ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ቦቱ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በታችኛው የባት ክፍል ከውስጥ የሚያቃጥል፣ ሲንሸራተቱ የሚብስና ሲያርፉ የሚቀል ከሆነ ግን አቋቋምዎን ይጠርጥሩ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይመጣሉ፤ እግር በሚዋልልበት ሰፊ ቦት ውስጥ በትክክል መቆም አስቸጋሪ ነውና።

ባት ሁለት ዋና ዋና ጡንቻዎች አሉት። ላይ የሚታየው ጋስትሮክኒሚየስ ከጉልበት በላይ ካለው የጭን አጥንት ይነሳል፤ ከሥሩ ያለው ሶሊየስ ደግሞ ከጉልበት በታች ይጀምራል፤ ሁለቱም ወደ ታች ተጋጥመው በተረከዝ ጅማት ይያያዛሉ። ጉልበት ሲታጠፍ የላይኛው ጡንቻ ስለሚላላ አብዛኛውን ሸክም የሚወስደው ሶሊየስ ነው። ስኪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጉልበትን አጥፎ የሚሠራ ስፖርት ነው። አሠልጣኝ ‹‹ወደ ፊት አዘንብሉ›› ሲል ጀማሪው ብዙ ጊዜ ተረከዙን አንስቶ በጣቶቹ ይቆማል፤ በዚህ ጊዜ ባቱ ያለ ዕረፍት እንደተኮማተረ ይቆያል። ትክክለኛው አኳኋን ተረከዝ ከቦቱ ወለል ሳይነሳ ቁርጭምጭሚትን አጥፎ ቅልጥምን በቦቱ ምላስ ላይ ማሳረፍ ነው። ይህን ለማግኘት እኔ የረዳኝ ቀላል ዘዴ በቦቱ ውስጥ የእግር ጣቶችን በጥቂቱ ወደ ላይ መሳብ ነው፤ በፊት በኩል ያለው የቅልጥም ጡንቻ ሲሠራ ከኋላ ያለው ባት ይላላልና። ወደ ኋላ ማዘንበልም እንዲሁ ይጎዳል፤ ባት በቦቱ የኋላ ግድግዳ ላይ ይጨፈለቃል፣ ጭን ይቃጠላል፣ ጣቶችም ወለሉን ለመጨበጥ ይኮማተራሉ። ፍርሃት ወደ ኋላ የሚጎትትዎ ከሆነ መፍትሔው ወደ ቀለለ ቁልቁለት መመለስ ነው፤ በዚህ ማንም ሊያፍር አይገባም።

አሁን ወደ ቦቱ ልመለስ፤ ገንዘብና ጊዜ ሊወጣበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የስኪ ቦት ቁጥር የሚለካው በእግር ርዝመት በሴንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ የአዘቦት ጫማዎን ቁጥር ከመናገር ይልቅ እግርዎ እንዲለካ ይጠይቁ። ልኩን ለማረጋገጥ ለስላሳውን የውስጥ ገበር አውጥተው እግርዎን ባዶው የፕላስቲክ ቦት ውስጥ ያስገቡና ጣቶችዎን ከፊቱ ጋር ያነካኩ፤ ከተረከዝዎ በስተኋላ የሚቀረው ክፍተት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ሊሆን ይገባል። ከዚያ በላይ ከሆነ ተረከዝዎ ይነሳል፤ እርስዎም እግርዎን ለመያዝ የላይኞቹን ዘለበቶች ያጠብቃሉ፤ የሚታሰረው ግን ተረከዙ ሳይሆን ባቱ ነው። ሲያደርጉት ተረከዝዎን ወደ ኋላ መታ መታ አድርገው ያስቀምጡ፣ ጉልበትዎን አጥፈው ቁርጭምጭሚት ላይ ያለውን ዘለበት በደንብ ይዝጉ፣ የላይኞቹን ሳያንቁ ያስጠጉ፣ የጣቶቹን ደግሞ ለይምሰል ያህል ብቻ ይያዙ። በቦቱና በቆዳዎ መካከል ከአንድ ቀጭን ረጅም ካልሲ በቀር ምንም መኖር የለበትም። ብርዱን ፈርተው ሁለት ካልሲ የሚደርቡና የውስጥ ሱሪያቸውን ቦቱ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች ሙቀት ሳይሆን የታጠፈ ጨርቅ የሚፈጥረውን ጫና ነው የሚያተርፉት።

ባታቸው ወፍራም ለሆነ ወይም ዝቅ ብሎ ለሚጀምር ሰዎች፣ ይህም በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፣ አንገቱ አጠር ያለና ሰፋ የሚል ቦት መምረጥ ይሻላል። በአንዳንድ ቦቶች የኋላ ክፍል የምትገኘው ተነቃይ ንጣፍ ስትወጣም ለባት ቦታ ይገኛል። ከተረከዝ ሥር ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ማንሻ ማስገባት ባትን ከቦቱ ጠርዝ ከፍ ያደርጋል፤ ቁርጭምጭሚታቸው እንደልብ ለማይታጠፍም ውጥረቱን ይቀንሳል። ይህን ሥራ ለቦት ባለሙያ መስጠት የተሻለ ነው።

ሕመሙ ቁልቁለት ላይ ከያዘዎ ወደ መንገዱ ዳር ወጥተው ከላይ የሚመጡት ሊያዩዎት በሚችሉበት ቦታ ይቁሙ፤ ከጉብታ ሥር በፍጹም አይቁሙ። የላይኞቹን ዘለበቶች ይፍቱ። ጡንቻው ተሸማቅቆ ከሆነ ስኪውን አውልቀው ይቀመጡ፣ እግርዎን ዘርግተው የጫማውን ፊት ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ጠንካራው ቦት አላጥፍ ካለዎ ማረፊያ ቤት ደርሰው ያውልቁትና ይድገሙት። ወደ ተራራው በሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር (ሊፍት) ላይ ሲቀመጡ የስኪው ክብደት እግርዎን እንዳይጎትት የእግር ማሳረፊያ ካለ ይጠቀሙበት፤ ዘለበቶቹንም አላልተው ከመውረድዎ በፊት መልሰው ይዝጉ።

ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች ግን በማረፍ የሚታለፉ አይደሉም። ድንገተኛ የመበጠስ ድምፅ ወይም ከኋላ የተመቱ ያህል ስሜት ከተሰማዎ፣ በኋላም በጣትዎ መቆም ካቃተዎ፣ የባት ጡንቻ ወይም የተረከዝ ጅማት ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ተንሸራተው ለመውረድ አይሞክሩ፤ የተራራውን የነፍስ አድን ሠራተኞች ያስጠሩ። ከመውደቅ በኋላ ባት እየጠነከረ፣ ሕመሙ በየደቂቃው እየጨመረና እግር እየደነዘዘ ከሄደ ሰዓታት የማይሰጥ አደጋ ነው። በአንድ እግር ብቻ የሚታይ እብጠት፣ ሙቀትና መቅላት ደግሞ የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ለበዓል ከአዲስ አበባ ከአሥር ሰዓት በላይ በርሮ የመጣ እንግዳ ይዘው በማግስቱ ተራራ ከወጡ ይህን በተለይ ያስቡ። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረበት በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ አገሮች 112፣ በእስራኤል 101 ወዲያውኑ ይደውሉ።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻና ስለ መታሸት አንድ ነገር በቅንነት መናገር አለብኝ። ቤተሰቦቻችን በፍቅር ቅባት አሙቀው የታመመውን እግር ያሻሉ፤ ለተራ ድካም ያ ምንም አይደለም። ነገር ግን ደም ረግቶ ከሆነ ማሸት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል፤ ጡንቻ ተቀዶ ከሆነም መድማቱን ያባብሳል። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ ይበቃል።

የስኪው ወቅት ከጾመ ነቢያትና ከዐቢይ ጾም ጋር፣ በእነዚህ ዓመታትም ከረመዳን ጋር ይገጥማል። የብሬከንሪጅ ከተማ 2,926 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባም ትበልጣለች፣ አየሩም ደረቅ ነው። ምግብና ውኃ ሳይቀመስ እስከ ቀትር የሚሠራ ጡንቻ ቶሎ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻም ይሸማቀቃል። በጾም ቀን አጭር ሰዓት መንሸራተትን ወይም ጾሙ ከተፈታ በኋላ ያሉትን ሳምንታት መምረጥን እመክራለሁ።

ዝግጅቱ ከወቅቱ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት አስቀድሞ ይጀመር። ደረጃ ላይ በጣት ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና በዝግታ ማውረድ ጥሩ ነው፤ ከድግግሞሹ ግማሹን ጉልበትዎን አጥፈው ይሥሩት፣ አለበለዚያ ሶሊየስ ሳይሠለጥን ይቀራል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪንና በ2010 በቫንኩቨር ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በተወዳደረበት የሜዳ ላይ ስኪ ግን ተረከዝ ነፃ ስለሆነ ባት በእያንዳንዱ እርምጃ ይገፋል፤ በዚያ ዓይነቱ ስኪ ሕመሙ በእርግጥም የጥንካሬ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ከጉዳት በኋላ ለመመለስ ሲያስቡ ባዶ እግርዎን በአንድ እግር ቆመው ተረከዝዎን ደጋግመው ያንሱ። ሕመም ሳይሰማዎ ከጤነኛው እግር እኩል ማንሳት ከቻሉ የመጀመሪያውን ቀን በቀላሉ ቁልቁለት ላይ ለሁለት ሰዓት ብቻ ይንሸራተቱ፤ በማግስቱ ጠዋት ባትዎ እንዴት እንዳደረ አይተው ስለ ቀጣዩ ቀን ይወስኑ።