የሚምን ዕድሜ ከልደቱ እስከ መቀዝቀዙ እንዴት መከታተል ይቻላል? በዶጅ እንሞክረው

ሚም በኢንተርኔት ከሰው ሰው እየተቀባበለ የሚሰራጭ ቀልድ ነው። ዶጅን ታውቋታላችሁ፤ ያቺ ፊቷን ሳታዞር በዓይኗ ጥግ የምታየው ሺባ ኢኑ ውሻ ናት።

መጀመሪያ ዋናውን ፎቶ ፈልጉ። በፎቶ የሚፈልገው ጎግል ሌንስ ላይ ጫኑትና ጽሑፍ የሌለበትን፣ ጥራቱ የተሻለውን ቅጂ እየመረጣችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ሚም ከሰው ሰው ሲዘዋወር ይቆራረጣል፣ ይፈዛል፣ የማን እንደሆነም ይረሳል። ዶጅን እንዲህ ከተከተላችሁ ጃፓን፣ ሳኩራ ከተማ ትደርሳላችሁ። የውሻዋ ስም ካቦሱ ነው። አትሱኮ ሳቶ የተባሉ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት እ.ኤ.አ. በ2008 ከመጠለያ ወስደው አሳደጓት፣ በ2010 ፎቶዋን ብሎጋቸው ላይ ለጠፉት። ይህን ደረጃ አትዝለሉት፣ በጣም የምወደው እሱን ነው። እያሳቀን የኖረው ፎቶ ባለቤት እንዳለው ማወቅ ይገባናል።

ቀጥሎ መቼ እንደፈነዳ ለዩ። ፎቶ የተለጠፈበት ቀንና ሚም የሆነበት ቀን ይለያያሉ። አንድ ቃል በየጊዜው ምን ያህል እንደተፈለገ በግራፍ የሚያሳየው ጎግል ትሬንድስ ላይ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል (doge) ጻፉ፣ ጊዜውን ከ2004 ጀምሮ አድርጉት። ካቦሱ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይታ በ2013 ነው ዓለም ያወቃት፣ ያኔ ነው ኮሚክ ሳንስ በሚባለው የፊደል ቅርጽ የተጻፉ፣ ሆን ተብሎ የተሰባበሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ዙሪያዋን የሞሉት።

ግን ግራፉን ዝም ብላችሁ አትመኑ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ቢሊ ማርከስና ጃክሰን ፓልመር ለቀልድ ብለው ዶጅኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ፈጠሩ፣ ስለዚህ በ2021 ፍለጋው ሽቅብ ሲወጣ ሰው የሚፈልገው የገንዘቡን ዋጋ እንጂ ቀልዱን አይደለም። በ2025 የምታዩት ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት ወጪ ቅነሳ ቡድን ያንኑ ስም ይዞ ስለመጣ ነው። ሦስቱን ካልለያችሁ ሚሙ ዛሬም እንደ ድሮው ትኩስ ይመስላችኋል።

መቀዝቀዙን የምታውቁት በሰዎች ሥራ ነው። ፎቶው መታየቱን ባያቆምም አዲስ ቃል የሚጨምርበት፣ የራሱን ስሪት የሚሠራ ሰው ይጠፋል፣ ያው የድሮው ብቻ ይደጋገማል። ከዚያ ወዲያ የምታገኙት ዜና ነው፦ በ2021 ፎቶው እንደ ኤንኤፍቲ (የዲጂታል ባለቤትነት ማረጋገጫ) በ4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ፣ በ2023 ትዊተር ለጥቂት ቀናት አርማው የነበረችውን ወፍ በካቦሱ ተካ፣ በሜይ 2024 ካቦሱ ሞተች።

በሌላ ሚም ስትሞክሩት ፍለጋው ታዋቂ ያልሆነ ሰው ወይም ልጅ ጋ ካደረሳችሁ እዚያው አቁሙ፣ ስሙንም አታሰራጩ። እንደ ወይዘሮ ሳቶ ታሪኩን በራሳቸው ፈቃድ ያካፈሉ ከሆነ ግን ፎቶውን ስትልኩ የባለቤቱንም ስም ጻፉበት።