ኮሞዶር 64 መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን

እዚህ ጀርመን ፍሎማርክት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) ላይ ኮሞዶር 64 የሚባለው የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር አሁንም ይገኛል። ሻጩ ብዙ ጊዜ "ይበራል፣ ግን ምስል የለውም" ይላል። እንዲህ ሲላችሁ ዋጋ ቀንሱና ውሰዱት። እኔ ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ቲቪ ጥገና ቤት ውስጥ ነው። አሁን ደግሞ ማታ ማታ እነዚህን ማሽኖች እጠግናለሁ። ምስል የላቸውም ከተባሉት ብዙዎቹ ይድናሉ። የሚያስፈራኝ ገዢው ቤት እንደደረሰ አብሮ የተሸጠለትን አሮጌ አዳፕተር ሰክቶ ሲያበራው ነው።

አዳፕተሩን አትሰኩት። መጀመሪያ ለኩት።

ይህ ከባድ አዳፕተር ሁለት ነገር ያወጣል፦ 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ። ጣጣው ያለው 5 ቮልቱ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ሬጉሌተር፣ ቮልቱን ልክ የሚያደርገው ክፍል፣ ሲያረጅ ቮልቱን መያዝ ያቅተውና ወደ ላይ ይለቀዋል። ትርፉ ቮልት ደግሞ በቀጥታ ሜሞሪ ቺፖቹን ያገኛቸዋል። የብዙዎቹ አዳፕተሮች ውስጥ በደረቀ ሙጫ የተሞላ ስለሆነ ከፍቶ መጠገን አይታሰብም። ቴስተራችሁን ዲሲ ላይ አድርጉና በስፒናው 5ኛ እና 2ኛ እግር መካከል ለኩ። የዚህ ስፒና እግሮች በተርታ አልተቆጠሩም፤ ስለዚህ የእግሮቹን ቁጥር የሚያሳይ ሥዕል ፈልጋችሁ ፊታችሁ አድርጉ። ከ5.25 ቮልት በላይ ካሳየ ወደ ቆሻሻ ይሂድ። ልክ 5 ቢያሳይም እኔ አላምነውም፤ ዛሬ ደህና የሆነው ሲሞቅ ሊለቅ ይችላል። አዲስ የተሠራ አዳፕተር ግዙ። ካልሆነም መሐል ገብቶ ቮልቱ ሲያልፍ የሚቆርጥ መከላከያ ይሸጣል።

ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አዳፕተሩ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። አዲስ አበባም ሆነ ፍራንክፈርት ግድግዳ ላይ እንዳትሰኩት።

አሁን ወደ ማሽኑ። ከመክፈታችሁ በፊት የምወደው አንድ ፈተና አለ። ፕሮግራም የሚጫንበት የማሽኑ የካሴት ቴፕ ማጫወቻ ካላችሁ ሰኩትና "ፕሌይ"ን ተጫኑ። ሞተሩ ከዞረ ፕሮሰሰሩ ነቅቶ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራሙ ነውና። ስለዚህ ጥርጣሬያችሁን ወደ ቪዲዮው፣ ወደ ኬብሉና ወደ ቲቪው አዙሩ። ሞተሩ ዝም ካለ ግን ካቻቢቴውን አንሱ።

ከሥር፣ ከፊት በኩል ሦስት ብሎኖች አሉ። ክዳኑን ወደ ኋላ ስታነሱት የኪቦርዱና የመብራቱ ሽቦ ከቦርዱ ጋር ስለተያያዙ ቀስ በሉ። በአውሮፓ ማሽኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ በፎይል የተሸፈነ ካርቶን ታገኛላችሁ። እኔ አውጥቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ሙቀት ያፍናል። ቺፕ ከመንካታችሁ በፊት መሬት የተያያዘ ብረት ንኩ።

ቀላሉ ጥፋት ከማብሪያው አካባቢ ያለችው ትንሽ የመስታወት ፊውዝ ናት። የምትጠብቀው የ9 ቮልቱን መስመር ነው። የፊት መብራቱ ግን የሚበራው በ5 ቮልቱ ነው። ለዚህ ነው ፊውዟ ተቃጥላም መብራቱ እየበራ ሰውን የሚያታልለው። የምስሉ ቺፕ፣ ቪክ የሚባለው፣ በቀደሙት ቦርዶች ላይ ኃይሉን የሚያገኘው ከ9 ቮልቱ ስለሆነ ፊውዟ ከሄደች ምስል የለም። በዓይን አትመኑ፤ ነቅላችሁ በቴስተር ለኩ። የምትተኩትም በ1.5 አምፔር ይሁን።

ፊውዟ ደህና ከሆነች ማሽኑን አብርታችሁ በቀደሙት ቦርዶች ላይ ያሉትን ሁለት ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተሮች ለኩ። 7812 የተጻፈበት 12 ቮልት፣ 7805 የተጻፈበት 5 ቮልት ማውጣት አለበት። የሜሞሪ ቺፖቹንም ለኩ። በቀደሙት ቦርዶች 4164 የሚባሉ ስምንት ቺፖች አሉ። በእነሱ ላይ 5 ቮልቱ 8ኛው እግር ላይ፣ መሬቱ 16ኛው ላይ ነው። ከተለመዱት ሎጂክ ቺፖች ተቃራኒ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ይምታታበታል።

ከዚያ ጣታችሁን ተጠቀሙ። ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ይብራ። አንዱ ሜሞሪ ከጎረቤቶቹ ለይቶ ካቃጠላችሁ ጥፋተኛው እሱ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። እያንዳንዱ ቺፕ ከአንድ ባይት አንዷን ቢት ስለሚይዝ አንዱ ከሞተ ስምንቱም ዋጋ የላቸውም። ሁሉም አንድ ዓይነት ሙቀት ካላቸው "ዴድ ቴስት" የሚባለውን ካርትሪጅ፣ ከጀርባ የሚሰካ የመመርመሪያ ፕሮግራም ያለበትን ሳጥን፣ ሰኩ። ስክሪኑን እያብለጨለጨ በብልጭታው ቁጥር የትኛው ቺፕ እንደሞተ ይነግራችኋል። ምንም ካላለ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ፒኤልኤ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የትኛውን ቺፕ እንደሚያነጋግር የሚመርጠው፣ 906114 የተጻፈበት። ይህ ቺፕ ጤነኛ ሆኖም ይሞቃልና በሙቀቱ ብቻ አትፍረዱበት። ዛሬ ምትኩ በዘመናዊ ቺፕ እየተሠራ ይሸጣል።

ቺፕ ስታወጡ አደራ፣ የምታተርፉት ቦርዱን ነው። የሞተውን ሜሞሪ በሙሉ ለመንቀል አትታገሉ። እግሮቹን በመቁረጫ ቁረጡ፣ አካሉን አንሱ፣ ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ በመበየጃው እያሞቃችሁ ሳቡ። ቀዳዳውን ከሊድ አጽዱና ሶኬት ብየዱበት። ቪክንና የድምፁን ቺፕ፣ ሲድን፣ ለሙከራ ብላችሁ አትነካኩ። ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ዘመናት አልፈዋል።

ኮንደንሰር ሁሉ ይቀየር የሚል ምክር ትሰማላችሁ። በኮሞዶር 64 ላይ አልስማማም። የሚያፈሱት እንደ አሚጋ 600 እና 1200 ያሉት፣ ከዚህ በኋላ የመጡት የኮሞዶር ማሽኖች፣ ኮንደንሰሮች ናቸው፤ እነሱ ላይ በእርግጥ መፍጠን ያስፈልጋል።

ሰማያዊው ስክሪን መጥቶ "38911" የሚለውን ቁጥር (ለፕሮግራም ነፃ የሆነው ሜሞሪ በባይት) ካያችሁ እሰየው። ጠቋሚው ግን ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። ቆሞ ከቀረ ኪቦርዱንና ሰዓት ቆጠራውን ወደሚይዘው 6526 ቺፕ ሂዱ። ቦርዱ ላይ ሁለት አሉ፣ አንድ ዓይነት ናቸው። ሶኬት ላይ ከተቀመጡ አጥፍታችሁ ቦታቸውን አቀያይሩና ለውጡን እዩ።

የምስሉ ጥራት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በአንቴና መውጫው የሚመጣው ምስል ደብዛዛ ነው፤ አዳዲስ ቲቪዎችም ብዙዎቹ አይቀበሉትም። ከጀርባ ያለውን ክብ የኤቪ መውጫ ተጠቀሙ። ባለ 8 እግሩ ብርሃኑን በ1ኛ፣ ቀለሙን በ6ኛ እግር ለያይቶ ይሰጣል፤ የኤስ ቪዲዮ ኬብል ሥሩለት። ነገር ግን የዚህ ማሽን የቀለም ሲግናል ከመደበኛው ይበረታል። በቀለሙ ሽቦ ላይ 300 ኦም አካባቢ ሬዚስተር ካላስገባችሁ ቀለሙ ይፈሳል፣ ነጥብ ነጥብም ይሆናል። ባለ 5 እግሩ የቀድሞ ሞዴል ቀለሙን ለብቻ አያወጣም፤ እዚያ በ4ኛው እግር ያለው ኮምፖዚት፣ ብርሃንና ቀለም በአንድ ሽቦ የተቀላቀሉበት ሲግናል፣ ይበቃችኋል።

ርካሽ የኤችዲኤምአይ መቀየሪያዎችን አልመክርም። ማሽኑ በሰከንድ 50 ጊዜ ሙሉ ምስል ይልካል፤ እነሱ ግን የግማሽ ግማሽ ምስል መስሏቸው ያደበዝዙታል። ሬትሮቲንክን የመሰለ ለዚሁ የተሠራ መቀየሪያ ያዙ፣ ወይም የድሮውን ባለ ቱቦ ወፍራም ቲቪ ፈልጉ። የቲቪውን ጀርባ ግን አትክፈቱ፤ የቀለም ቲቪ ቱቦ ላይ ከ20,000 ቮልት በላይ አለ፣ ከጠፋም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ለአገር ቤት የምትልኩ ካላችሁ ከአውሮፓ የተገዛውን ላኩ። የእኛም የጥንት ቲቪዎች እንደ ጀርመኖቹ ፓል በሚባለው የቀለም ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው። የአሜሪካው ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ሲሆን ብዙዎቹ ላይ ቀለም አይሰጥም፣ ምስሉም ሊንከባለል ይችላል። ምስሉ ላይ ቀጫጭን ቀጥ ያሉ ጥላዎች ከቀሩ ግን አትጨነቁ፤ የቪክ ተፈጥሮ ነው።