የአጥቢያችሁን ታሪክ ለመጻፍ ስትነሱ

ደብረ ብርሃን ያለችው የፕሬስቢቴሪያን አጥቢያችን ታሪኳን እንድጽፍ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ የሮጥኩት ሚሲዮናውያኑ ወደ ተዉት ሪፖርት ነበር። ሁለት ወር እሱ ላይ አጠፋሁ። እናንተ ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጀምሩ። ወረቀቱ ይቆያችኋል።

ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ አትሂዱ። ፀሐይ ስትሞቅ፣ ቡና ሲፈላ ሂዱ። ድምፅ ለመቅዳት አስፈቅዱ። “መቼ ተመሠረተ?” አትበሉ። “እማማ፣ መጀመሪያ ማን ቤት ነበር የምትጸልዩት?” በሉ። እንዲህ ብዬ የጠየቅኳቸው እናት ተነስተው ከሣጥናቸው በነጠላ የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱስ አወጡ። በመሃሉ ፎቶ አለ። ጀርባው ላይ በእርሳስ 11 ስም ተጽፏል፤ 7ቱ ሴቶች ናቸው። ሪፖርቱ ውስጥ አንዳቸውም የሉም።

አባቴ የደምቢ ዶሎ ልጅ ስለነበር ይህ አልገረመኝም። እዚያ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሥራ የተጀመረው አሜሪካዊው ዶክተር ላምቢ በ1919 እንደ ፈረንጆች ሰዮ፣ ማለትም ደምቢ ዶሎ አካባቢ፣ ሲደርስ ነው። ግን በጣሊያን ወረራ ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ ቤተክርስቲያኗን ተሸክመው ያሳደጓት የአገሬው ሰዎች ናቸው። ከነሱ አንዱ በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡት ቄስ ጊዳዳ ሶለን፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ነጋሶ አባት ናቸው። በኋላ ቤቴል የተባለችው ይህች ቤተክርስቲያን በ1974 እንደ ፈረንጆች ከመካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን ጋር ተዋሐደች።

ዘመን ላይ ተጠንቀቁ። ሰው ዓመተ ምሕረት አይነግራችሁም። “ጣሊያን በወጣ በዓመቱ”፣ “ብርድ ልብስ ፋብሪካው ሲከፈት” ይላችኋል። እንዳሉት ጻፉና ዓመቱን ከጎኑ አስሉት፤ ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው። የፈረንጅ ሰነድ ከሆነ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 10 ላለው 8፣ ከዚያ በኋላ ላለው 7 ቀንሱ። ወሩ ካልተጻፈ አትገምቱ። የላምቢ 1919 በኛ 1911ም 1912ም ሊሆን ይችላል። እኔ በዚህ ስህተት አንድ ጥምቀት ከአጥማቂው መምጣት በፊት አድርጌ ጽፌ ነበር።

ቃለ ጉባኤ ካገኛችሁ በደንብ አንብቡት። ፕሬስቢቴሪያን ማለት በተመረጡ ሽማግሌዎች የሚመራ ማለት ስለሆነ፣ ማን ተመረጠ፣ መሬቱን ማን ሰጠ፣ ቆርቆሮው በማን ገንዘብ ተገዛ የሚለው ሁሉ እዚያ ነው።

ታሪካችሁን ደግሞ አታስረዝሙ። አንድ ወንድም በአንኮበር እንድጀምር መክሮኝ ነበር። እውነት ነው፣ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1831 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ እስከ 1834 ቆይቷል። እሱን ከኛ አጥቢያ የሚያገናኝ ክር ግን አላገኘሁም። ተውኩት።

ከማሳተማችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። እኔ ከፎቶው ስሞች አንዱን ስጠራ እማማ አስቆሙኝ። “እሷን እንዲህ በስም ብቻ አትለፊያት ልጄ፤ ቤቷን ለቃ እኛን ያስገባችን እኮ እሷ ናት” አሉኝ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በእሷ ቤት ጀመርኩት።