ለሚቀጥለው ሲዝን ሮቴሽን ስታቅዱ አምስት ስም ጽፋችሁ አትነሱ

የቤዝቦል ቡድናችሁን የሚቀጥለው ዓመት ሮቴሽን፣ ማለትም ጨዋታ የሚጀምሩትን ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ተራ ላቅድ ብላችሁ ቁጭ ስትሉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ አምስት ስም መደርደር ነው፣ ኤሱ (ምርጡ ፒቸር) ከላይ፣ ጀማሪው ልጅ ከታች፣ በቃ አለቀ። እኔም ለዓመታት እንደዛ ነበር የማደርገው፣ ዎርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ባለቀ ማግስት አምስቱን ስም ጽፌ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ፣ ከዛ ሜይ ሳይጋመስ ሁለቱ ኢንጁሪ ሊስት (የተጎዱ ዝርዝር) ገብተው፣ አንዱ ማይነር ሊግ (የታችኛው ሊግ) ወርዶ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ ሞውንዱ (የመወርወሪያው ጉብታ) ላይ ቆሞ አየዋለሁ። ስለዚህ አሁን ከስም መጀመር ትቻለሁ፣ የምጀምረው ከ162 ነው።

ኤክሴል ክፈቱ ወይ ደብተር አውጡና ከላይ 162 ብላችሁ ጻፉ። ሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው ሊግ) ውስጥ አንድ ቡድን በመደበኛው ሲዝን የሚጫወተው ያን ያህል ነው፣ እያንዳንዱን ጨዋታ ደግሞ የሆነ ሰው መጀመር አለበት። ለአምስት ሲካፈል ለያንዳንዱ 32 ምናምን ይደርሰዋል፣ ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። አምስቱም ጤነኛ ሆነው የዘለቁበት ቡድን ጉድ ተብሎ ነው የሚወራለት። የ2003ቱ ሲያትል ማሪነርስ 162ቱንም ጨዋታ በሞየር፣ በፒኔሮ፣ በፍራንክሊን፣ በሜሽና በጋርሲያ ብቻ ነው የጨረሰው፣ ሌላ ሰው አንድም ቀን አልጀመረም፣ ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ አሁንም የሚነሳው እንደዛ ስለማይገኝ ነው። ደግሞ እኮ 93 ጨዋታ አሸንፈው ፕሌይኦፍ (ከሲዝኑ በኋላ ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) አልገቡም!

አሁን ለያንዳንዱ ልጅ ሳታዳሉ ቁጥር ስጡት። "ጤነኛ ከሆነ" የሚለውን ነገር እርሱት፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደጀመረ አይታችሁ ከዛ ትንሽ ቀንሱ። ለምሳሌ አንደኛው ሦስት ዓመት ሳይጎድል የጀመረ ከሆነ 30 ስጡት፣ ሁለተኛው 28፣ ሦስተኛው አምና ትከሻውን አሞት ስለነበር 24፣ አራተኛው 22፣ አምስተኛው ገና ልጅ ስለሆነ 18። ደምሩት፣ 122 ነው። 40 ጨዋታ ባለቤት የለውም ማለት ነው። እነዚህን 40 ጨዋታዎች ማን ይጀምራቸዋል? የሮቴሽን ፕላን የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው፣ የላይኞቹን ሁለት ስሞች ማንም ሰው መጻፍ ይችላል።

ከቶሚ ጆን ሰርጀሪ (የክርን ጅማት ቀዶ ጥገና) የሚመለስ ፒቸር ካላችሁ ደግሞ ባሰ አስተውሉ። ማገገሚያው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል፣ ተመልሶም መጀመሪያ ላይ ኮንትሮሉ ቶሎ አይገኝም። ጁላይ ላይ ይመጣልኛል ብላችሁ 15 ስታርት (የሚጀምረው ጨዋታ) የምትጽፉለት ከሆነ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እኔ 6 ወይ 7 ነው የምጽፈው፣ ከዛ በላይ ከሰጠ ትርፍ ነው።

ፒቸሩ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ለማለት ኢአርኤን (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ በአማካይ የሚቆጠርበትን ነጥብ) ብቻ አትዩ፣ ኢአርኤ ከኋላው የሚጫወቱት ልጆች ኳስ የመያዝ ችሎታም፣ እድልም የተቀላቀለበት ነገር ነው። እኔ ቀድሜ የማየው ስትራይክአውት በመቶ (ካገኛቸው መቺዎች ኳስ ሳያስመታ ያወጣቸው) ሲቀነስ ዎክ በመቶ (በመጥፎ ውርወራ በነጻ ወደ ቤዝ ያሳለፋቸው) ነው። በሊጉ በአማካይ ስትራይክአውት ወደ 22 በመቶ፣ ዎክ ወደ 8 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ልዩነቱ 14 ገደማ ነው፣ ኢአርኤው አምሮ ልዩነቱ 8 የሆነ ልጅ ሲያጋጥማችሁ ረጅም ኮንትራት አትስጡት። ቀጥሎ የፋስትቦሉን ፍጥነት በወር በወር እዩ። ኤፕሪል ላይ በሰዓት 95 ማይል ይወረውር የነበረ ሰው ሴፕቴምበር ላይ 93 ከሆነ የዓመቱ አማካይ 94 ብሎ ይሸፍንላችኋል፣ እናንተ ግን የምትወስዱት የሴፕቴምበሩን ሰውዬ ነው።

ከስታርት ብዛት ቀጥሎ ኢኒንግ (ከጨዋታው ዘጠኝ ክፍሎች አንዱን) ቁጠሩ። ስቲቭ ካርልተን በ1980 304 ኢኒንግ ወርውሯል፣ ከሱ በኋላ 300 የደረሰ የለም፣ አሁን ደግሞ አንድ ስታርተር (ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር) በአማካይ ከ5 ኢኒንግ ብዙም አያልፍም። ዓመቱን ሙሉ ወደ 1440 ኢኒንግ መሸፈን አለበት፣ ስታርተሮቹ 850 አካባቢ ቢወስዱላችሁ ወደ 600 የሚሆነው ቡልፔኑ (ተተክተው የሚገቡት ፒቸሮች) ላይ ይወድቃል። ስለዚህ 6 ኢኒንግ ተኩል የሚሄድ አንድ አሰልቺ ፒቸር፣ ኢአርኤው 4.20 ምናምን የሆነ፣ ማንም ማልያውን የማይገዛው፣ ከምታስቡት በላይ ያስፈልጋችኋል።

ለምን 5 ላይ ይወጣሉ ካላችሁ፣ ባተሮቹ (መቺዎቹ) ያንኑ ፒቸር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኙት በደንብ ይመቱታል፣ ሁለቴ አይተውት ለምደውታላ። በ2020 ዎርልድ ሲሪስ ስድስተኛው ጨዋታ ላይ የሆነውን አስታውሱ፣ ታምፓ ቤይ 1 ለ 0 እየመራ ብሌክ ስኔል 73 ኳስ ብቻ ወርውሮ፣ 9 ሰው በስትራይክአውት አውጥቶ፣ የዶጀርስን የመጀመሪያ ሦስት ባተሮች ስድስት ጊዜ አግኝቷቸው ስድስቱንም ጊዜ በስትራይክአውት ሸኝቷቸው ነበር። ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ አንድ ሰው ካወጣ በኋላ አንድ ሲንግል (አንድ ቤዝ የሚያደርስ ምት) መቱት፣ ቀጥሎ ሙኪ ቤትስ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጣ ነው፣ ማናጀሩ ኬቨን ካሽ ወጥቶ ኳሱን ተቀበለው። የተተካው ላይ ቤትስ ደብል መታ፣ ዶጀርስ ወዲያው መራ፣ 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። እኔ ያን ቀን አላወጣውም ነበር። ግን ለ162 ጨዋታ ስታቅዱ የካሽ ሂሳብ ትክክል ነው፣ አራተኛና አምስተኛ ስታርተራችሁን 18 ባተር ካየ በኋላ ይወጣል ብላችሁ አቅዱት፣ ኤሱን ብቻ በዓይናችሁ እያያችሁ ወስኑ። ለአምስተኛው ቦታ ሰው ከጠፋ ኦፕነርም አለ፣ ራሱ ታምፓ ቤይ ሜይ 2018 ላይ ሰርጂዮ ሮሞን አንደኛውን ኢኒንግ ብቻ አስወርውሮ ነው ነገሩን ያስለመደው። ሃሳቡ አሪፍ ነው፣ በሳምንት ሁለቴ ከሆነ ግን ቡልፔኑ ያልቃል።

ልጆቹን በተመለከተ፣ አምና 90 ኢኒንግ የወረወረን ልጅ ዘንድሮ 180 አትጠብቁበት። ድሮ ከ30 ኢኒንግ በላይ አትጨምሩበት የሚል ህግ ነበር፣ በኋላ የተሰሩ ጥናቶች ብዙም አልደገፉትም፣ እኔም ቁጥሩን እንደ ህግ አልይዘውም፣ ግን የሆነ ገደብ ማስቀመጥ አይከፋም። ዋናው ገደቡን መቼ እንደምትጠቀሙበት ነው። ዋሽንግተን ናሽናልስ በ2012 ከሰርጀሪ የተመለሰውን ስትራስበርግን ሴፕቴምበር ላይ 159 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ሲሞላ አስቆሙት፣ ከሁሉም ቡድኖች በላይ 98 ጨዋታ አሸንፈው ፕሌይኦፍ ሲገቡ እሱ ቁጭ ብሎ ያያል፣ በመጀመሪያው ዙር በሴንት ሉዊስ ተሸነፉ። እኔ ብሆን ኤፕሪል ላይ ዘግይቼ አስጀምረው ነበር፣ ወይ በየወሩ አንድ ስታርት አዘልለው ነበር፣ ኢኒንጉን ኦክቶበር ላይ ነው የምትፈልጉት።

ወደ እነዛ 40 ጨዋታዎች እንመለስ። ቢያንስ አራት ተጨማሪ ስም ያስፈልጋችኋል፣ ሁለቱ በ40 ሰው ሮስተር (የቡድኑ ተጫዋቾች ዝርዝር) ውስጥ ያሉና ኦፕሽን የቀራቸው ይሁኑ፣ ማለትም ዌቨር (ሌላ ቡድን ሊወስዳቸው የሚችልበት ዝርዝር) ሳታስገቡ ማይነር ሊግ ልታወርዷቸው የምትችሏቸው። አንድ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ሦስት የኦፕሽን ዓመት አለው፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ በአንድ ሲዝን ከአምስት ጊዜ በላይ ማውረድ አይቻልም፣ የወረደ ፒቸርም የተጎዳ ሰው ካልተካ በስተቀር 15 ቀን ሳይሞላው አይመለስም። ይሄን ሳያዩ ሦስት ኦፕሽን የሌላቸው ልጆችን ለአምስተኛው ቦታ የሚያፎካክሩ ሰዎች አሉ፣ ማርች ሲያልቅ ሁለቱን በነጻ ለሌላ ቡድን ይሸልማሉ።

ስድስት ሰው ሮቴሽን አይሻልም ወይ ለምትሉ፣ ጃፓን ስታርተር በሳምንት አንዴ ነው የሚወረውረው፣ ያምራል። ሜጀር ሊግ ላይ ግን ለጨዋታ ከሚመዘገቡት 26 ተጫዋች ፒቸር ከ13 ማለፍ አይችልም፣ ስድስት ስታርተር ካላችሁ ቡልፔኑ ሰባት ሰው ይቀረዋል። ዶጀርስ የሚመቻቸው ኦታኒ በሁለቱም (በመወርወርም በመምታትም) የሚጫወት ተብሎ ስለተመዘገበ ከ13ቱ ስለማይቆጠር ነው። እናንተ ኦታኒ የላችሁም።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ አትጨቃጨቁ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በእረፍት ቀንና በዝናብ ይተራመሳል፣ ግራኝ ቀኝ እያፈራረቁ መደርደርም ብዙ ለውጥ ሲያመጣ አላየሁም። እኔ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ 5 ኢኒንግ የማይሞሉ ሁለት ልጆችን አታከታትሉ። አጭሩ በወረወረ ማግስት ረጅሙ ይምጣ፣ ቡልፔኑ እንዲተነፍስ።

የመጨረሻው ስራ ስፕሪንግ ትሬኒንግ ላይ ነው። ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ፒቸሮች ይገባሉ፣ ጨዋታ ሲጀመር 30 ኳስ ምናምን ይጀምራሉ፣ በየስታርቱ 15 አካባቢ እየጨመሩ ማርች መጨረሻ ላይ 85፣ 90 ይደርሳሉ። እዚህ ጋ ሁሌ የሚሰራ ስህተት አለ፣ ስድስተኛው ልጅ ቦታ ሲያጣ "ቡልፔን ይግባና ይርዳን" ይባልና ኤፕሪል ላይ አንድ አንድ ኢኒንግ ይወረውራል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱ ስታርተር ክርኑን ሲይዝ ይሄ ልጅ 40 ኳስ ላይ ትንፋሹ ያልቃል። ትሪፕል ኤ (ከማይነር ሊግ ከፍተኛው ደረጃ) ላኩትና በየአምስት ቀኑ 90 ኳስ ይወርውር፣ ቢያኮርፍም ያኩርፍ፣ ሜይ ላይ ትደውሉለታላችሁ።