ስሙ የተረሳ ፋይልን በተሻሻለበት ጊዜ ከትዕዛዝ መስመር መፈለግ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በየሒሳብ ክፍሉ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ»፣ «የመጨረሻ የታረመ» የሚል ስም የተሰጣቸው ፋይሎች በተለያዩ ፎልደሮች ይበተናሉ፤ ኦዲተር መጥቶ ሲጠይቅ ግን ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ የሚሆን ሰው አይገኝም። ስሙ ቢረሳም ሥራው የተሠራበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ አይረሳም፤ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ያለው «ፋይንድ» የተባለው ትዕዛዝ ጠቃሚ የሚሆነውም በዚህ ጊዜ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ኮምቦልቻ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ «ወንድምዓለም፣ ያን የደመወዝ ሠንጠረዥ አጣሁት» ብላ ደወለችልኝ። እኔ ደሴ ፒያሳ ነበርኩ፤ ለአንድ ፋይል ብሎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስለማያስፈልግ ትዕዛዙን በስልክ አነበብኩላትና እሷ ጻፈችው። ከዚህ በታችም ትዕዛዞቹን ያስቀመጥኳቸው በስልክ እንደሚነበቡት ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት መጻፍ አለባቸው። «ፋይንድ» ሲባል ኤፍ፣ አይ፣ ኤን፣ ዲ ነው፤ «ኤምታይም» ሲባል ደግሞ ኤም፣ ቲ፣ አይ፣ ኤም፣ ኢ ያለ ክፍተት ተገጥመው ነው። ከፊታቸው ያለው ሰረዝ ከቃሉ ጋር ይያያዛል፤ በቃልና በቃል መካከል አንድ ክፍተት ይደረጋል።

ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፋይል ቢያንስ ሦስት ጊዜዎችን ይመዘግባል። ኤምታይም የፋይሉ ይዘት ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበት ነው፤ ለእኛ ጉዳይ የሚፈለገውም እሱ ነው። ኤታይም ፋይሉ የተነበበበት ጊዜ ቢሆንም፣ ዛሬ ያሉት ሊኑክሶች ዲስኩን ላለማድከም ሲሉ በተነበበ ቁጥር ስለማያድሱት ብዙም አይታመንም። ሲታይም ብዙዎች «ፋይሉ የተፈጠረበት» ብለው የሚሳሳቱበት ነው፤ የፋይሉ ስም፣ ባለቤት ወይም ፈቃድ ሲቀየርም ጭምር የሚታደስ ስለሆነ የልደት ቀን ሊሆን አይችልም። ሦስቱን በአንድ ላይ ለማየት «ስታት» ብሎ የፋይሉን ስም ማስከተል ይበቃል።

ፍለጋው የሚጀምረው ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት (ተርሚናል) ላይ ፋይሉ ይኖርበታል ተብሎ ወደሚታሰበው ፎልደር በመግባት ነው፤ ከዚያም የሚከተለው ይጻፋል፦

ፋይንድ . -ታይፕ ኤፍ -ኤምታይም -2

ነጥቧ «አሁን ካለሁበት ፎልደር ጀምረህ በውስጡ ያሉትንም ፈልግ» ማለት ናት። «-ታይፕ ኤፍ» ፎልደሮችን ትቶ ፋይሎችን ብቻ እንዲያወጣ ያደርጋል። ሰው ሁሉ የሚሰናከለው በመጨረሻው ቁጥር ላይ ስለሆነ እሱን ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ፋይንድ ቀን የሚቆጥረው እንደ እኛ «ትናንት፣ ከትናንት ወዲያ» እያለ አይደለም። ከአሁኗ ደቂቃ ወደ ኋላ ተነሥቶ የፋይሉን ዕድሜ በ24 ሰዓት ያካፍላል፤ ከሙሉ ቁጥሩ የተረፈውንም ይጥለዋል። አንድ ፋይል ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ተሻሽሎ፣ ፍለጋው ሐሙስ ጠዋት በ4 ሰዓት ቢደረግ በመካከሉ ያለፈው 42 ሰዓት ነው። ሰው «ከሁለት ቀን በፊት» ይላል፤ ፋይንድ ግን 42ን ለ24 አካፍሎ 1 ያገኛል። ስለዚህ «-ኤምታይም 1» ፋይሉን ያወጣዋል፣ «-ኤምታይም 2» ግን አያወጣውም። የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁጥር «ከዚህ ያነሰ ዕድሜ ያለው»፣ የመደመር ምልክት ያለበት «ከዚህ የበለጠ» ማለት ሲሆን፣ የተረፈው ስለሚጣል «-ኤምታይም +1» የሚያወጣው 48 ሰዓት የሞላቸውንና ከዚያ በላይ የቆዩትን ነው። 30 ሰዓት የሆነው ፋይል «ከአንድ ቀን በላይ ሆኖት የለ፣ ለምን አልመጣም?» ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚያከራክረው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ይህን ሳላውቅ ፋይሉ ጠፍቷል ብዬ አንድ ሠንጠረዥ እንደ አዲስ ያሠራሁበት ቀን ነበር።

ቆጠራው በቀን መቁጠሪያ ቀን እንዲሆን ከተፈለገ «-ዴይስታርት» የሚለው ይጨመራል፤ ከ«-ኤምታይም» በፊት መግባት አለበት፣ በኋላ ከገባ ከፊቱ ባለው ላይ አይሠራም።

ፋይንድ . -ዴይስታርት -ታይፕ ኤፍ -ኤምታይም 2

አሁን 0 ዛሬ፣ 1 ትናንት፣ 2 ከትናንት ወዲያ ስለሆነ የማክሰኞው ፋይል ይወጣል። ነገር ግን ለኮምፒውተሩ ቀን የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንጂ ጎሕ ሲቀድ አይደለም፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ አምሽቶ የሠራ ሰው ሥራው የሚመዘገበው በማግስቱ ቀን ነው። መብራት ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የተሠራውን ለመፈለግ ደግሞ በቀን ፋንታ በደቂቃ የሚቆጥረው «-ኤምሚን» ይሻላል፤ «-ኤምሚን -90» በመጨረሻው አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የተነኩትን ያወጣል።

ለበጀት መዝጊያ ፍለጋ ከሁሉም የሚሻለው ግን ቀኑን በስሙ መጥራት ነው። የ2017 ዓ.ም. የሰኔን የመጨረሻ ሳምንት ለማግኘት፦

ፋይንድ . -ታይፕ ኤፍ -ኒወርኤምቲ "2025-07-01" ! -ኒወርኤምቲ "2025-07-08"

«ኒወር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ኤምና ቲ ያለ ክፍተት ይቀጠላሉ። የመጀመሪያው ክፍል «ከዚህ ቀን መጀመሪያ ወዲህ የተሻሻለ»፣ ቃለ አጋኖው ደግሞ «ያልሆነ» ማለት ነው፤ በግራና በቀኙ ክፍተት ያስፈልገዋል። ፋይንድ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ መለወጡ የእኛ ሥራ ነው። ሐምሌ 1 በየዓመቱ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል የበጀት ዓመቱ መነሻ አያስቸግርም፤ ሰኔ 24ም ጁላይ 1 ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ፋንታ 12 ላይ ይውላል፣ የአንድ ቀኑ ልዩነትም እስከ የካቲት 21 ድረስ ይዘልቃል። ሰዓት መጨመር ቢያስፈልግ ከቀኑ ጎን አንድ ክፍተት ተደርጎ በዚያው ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይጻፋል፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት 15:00፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20:00 ነው። ኮምቦልቻ ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ያልሠራው «09:00» ተብሎ ስለተጻፈ ነበር፤ እሷ ያሰበችው የከሰዓት በኋላውን 9 ሰዓት ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን የጠዋቱን 3 ሰዓት አደረገው።

የሚወጣው ዝርዝር ከረዘመ በፋይል ዓይነት ማጥበብ ይቻላል፤ «-አይኔም "*.ኤክስኤልኤስኤክስ"» ቢጨመር የኤክሴል ሠንጠረዦች ብቻ ይቀራሉ። ፋይንድ ያገኘውን በጊዜ ቅደም ተከተል ስለማይደረድር፣ መጨረሻው ላይ ይህን መቀጠል ይጠቅማል፦

-ፕሪንትኤፍ "%ቲ+ %ፒ\ኤን" | ሶርት

እዚህ ላይ ቲ ትልቁ፣ ፒና ኤን ትንንሾቹ ፊደላት ናቸው። ከእያንዳንዱ ፋይል ፊት ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል፣ ቁሟ መስመርም («|») ዝርዝሩን ወደ «ሶርት» አስተላልፋ ታስደረድረዋለች፤ አዲሱ ከታች ይሆናል። የኮምቦልቻው የደመወዝ ሠንጠረዥ የተገኘው እንዲህ ነው፤ «ፎቶዎች» በሚል ፎልደር ውስጥ ገብቶ ነበር።

በዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ላይ ይህን መሞከር ከንቱ ነው፤ እዚያ ያለው ተመሳሳይ ስም የያዘ ትዕዛዝ በፋይል ውስጥ ያለ ጽሑፍን የሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም ነው። ደብሊው ኤስ ኤል የተጫነበት ዊንዶውስ ግን ሊኑክሱን ስለሚያስገኝ ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል።

ትዕዛዙ ትክክል ሆኖ ውጤቱ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። ፋይሎች «ሲፒ» በተባለው የመገልበጫ ትዕዛዝ ሲገለበጡ ቅጂዎቹ የሚይዙት የተገለበጡበትን ጊዜ ነው፤ ወደ ፍላሽ በዚህ መንገድ የተወሰደ ፎልደር ሁሉም ነገር ዛሬ እንደተሠራ ያስመስላል። «ሲፒ -ፒ» ተብሎ ቢገለበጥ የቀድሞው ጊዜ ይጠበቃል። ሁለተኛው ችግር በአሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ይብሳል፤ የእናት ሰሌዳው ክብ ባትሪ ሲሞት፣ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኢንተርኔት አግኝቶ እስኪታረም ድረስ የሚቀመጠው ፋይል ሁሉ ያንን የተሳሳተ ቀን ይዞ ይቀራል። የሰኔው ሥራ በሰኔ ፍለጋ ካልተገኘ፣ «-ኤምታይም +3000» ብሎ በጣም ያረጁትን ማየት አይከፋም፤ ትናንት የተሠራው እዚያ መካከል ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።

ያረጁትን ለመሰረዝ ፋይንድ «-ዲሊት» የሚል ቃል አለው። ቃላቱን ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ስለሚፈጽማቸው፣ «-ዲሊት» ከ«-ኤምታይም» በፊት ከተጻፈ ዕድሜውን ሳይጠይቅ ያገኘውን ሁሉ ያጠፋል፤ የጠፋውም ወደ ቅርጫት አይሄድም። መጀመሪያ ያለ «-ዲሊት» አስኪዶ ዝርዝሩን እስከ ታች ማንበብ፣ ከዚያ ያንኑ መስመር በወደ ላይ ቀስት መልሶ ቃሉን መጨረሻው ላይ ብቻ መጨመር ይገባል። በስልክ ለሰው ሳነብ ግን ይህችን ቃል አላነብም።